ጉዳዩ፦ የ214 ቁጥር ቤትን ይመለከታል

ሜልቦርን፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ አብዱልቃድር፤ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ አፉ ይበሉኝ። ባቡሩ ነው ያዘገየኝ ልል ነበር፤ በጾም መዋሸት ከበደኝ። ሰነፍኩ፣ ያ ነው።

ስልክ ላይ የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም ብለው ደብዳቤ ስለሚመርጡ ይኸው ጻፍኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሱምያ ከቴሌግራም አትማ ከመስጠቷ በፊት እንደምታነበውም አውቃለሁ። ሱምያ፣ ሰላም ነሽ? ማሽንሽ ተሠራልሽ?

ወደ ጥያቄዎችዎ ልመለስ። አዎ፣ እየጾምኩ ነው። አዎ፣ አሁንም የምኖረው ታርኔት፣ ሂዊ ቤት ነው፤ እሷም ባሏም ነርሶች ናቸው፣ አያስቸግሩኝም፣ እኔም አላስቸግራቸውም። አይ፣ ባል አላገኘሁም፤ አልፈለግሁምም። የከተማ ባህልና ማኅበራዊ ኢ-እኩልነት ማጥናት ምን ሥራ ያስይዛል ላሉኝ ግን መልስ የለኝም። ክፍል ውስጥ ያለነው አሥራ አራት ተማሪዎችም ይህንኑ እርስ በርስ እንጠያየቃለን።

ስለ ምን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ ይህ ሦስተኛ ጊዜዎ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ላስረዳ። ኖርዝ ሜልቦርን ውስጥ መንግሥት የሚያከራያቸው ረጃጅም ፎቆች አሉ። የእኛ ቀበሌ ቤት ወደ ላይ ተደርድሮ ማለት ነው። በአንደኛው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አሥር ቤተሰብ አንድ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይጋራል፤ ሰዉ ላውንደሪ ይለዋል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጥብ የሚወሰነው በሩ ላይ በተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነው። እኔ የማጠናው ያቺን ወረቀት ነው። ቅዳሜን ማን አገኘ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው ለምን ማክሰኞ ጠዋት ተሰጠው፣ ማን ለማን ቀኑን ይለቃል፣ በዚህ ምክንያት ማን ከማን ጋር ተኮራርፏል። ሱፐርቫይዘሬ፣ አማካሪዬ ማለቴ ነው፣ "ከተማው በሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ" ትላለች። አዎ፣ በስሟ ነው የምጠራት። አዎ፣ ፕሮፌሰር ናት። ራሷ ናት ያዘዘችኝ፤ አይቆጡኝ።

ችግሬ እትዬ ሀጂራ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ስድሳዎቹን ያጋመሱ። ወረቀቱን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ማን እንደሾማቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ኢንተርቪው ላድርግዎት ብላቸው እንዲህ አሉኝ። "ልጄ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ አራት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ኢሚግሬሽን ጠየቀኝ፣ ሐኪም ጠየቀኝ፣ ድጎማ የሚሰጠው ሴንተርሊንክ ጠየቀኝ። ካንቺ በፊት የመጣች ልጅ ደግሞ ጠይቃኝ ጠይቃኝ እስክሪብቶ ሰጥታኝ ሄደች። እስክሪብቶው አይጽፍም።"

እሳቸው እሺ ካላሉ ፎቁ እሺ አይልም። አሥራ አምስት ሰው ማናገር አለብኝ፤ እስካሁን ያናገርኩት አንድ ሰውዬ ነው፣ እሱም ስለ ድመቱ ነው ያወራኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ሰልሳቢል ሪድዋን

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል ሪድዋን፤ ሜልቦርን
ጉዳዩ፦ ምክር ስለመስጠት

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። በቀን 9/7/2017 የጻፍሽው ደብዳቤ በሁለት ገጽ ደርሶኛል። ዒድ እንዴት አለፈ? እዚህ በሰላም አልፏል። ባልን በሚመለከት የሰጠሽው መልስ ተመዝግቧል።

ዘመድ ወዳጁ የሰልሳቢል ትምህርት ስለ ምንድን ነው ሲለኝ "ስለ ከተማ ነው" እያልኩ ነበር የማልፈው። አሁን የልብስ ማጠቢያ ተራ መሆኑን ሳውቅ አላፈርኩም፣ ይልቁንም ተደሰትኩ። እንደምታውቂው ሠላሳ አንድ ዓመት የቀበሌ ቤት ተራ ጠባቂዎችን ዝርዝር ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ዝርዝር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ፕሮፌሰር ካለ አስተዋውቂኝ።

የዚያች ሴት ወረቀት ቀን አለው? ፊርማ አለው? ማኅተምስ? ከሌለው ሥልጣኗ በሰው እምነት ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ደግሞ ከባለማኅተሙ ይልቅ ጠንካራ ነው። ስለዚህ በጉልበት አትግቢባት። ጥያቄሽን ተይው። በየቀኑ ሂጂ፣ ሰላምታ ስጪና ተመለሺ። ዝርዝር የሚይዝ ሰው ብቸኛ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሰላም የሚለው ለጉዳዩ ነው። ያለ ጉዳይ ሰላም የሚለውን ሰው አይረሳም። ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ።

ከዚያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያት። የወሎ ሰው ነች ካልሽ ወገንሽ ነች። የኮምቦልቻው አብዱልቃድር የወንድም ልጅ ነኝ በያት፤ ስሜ እዚያ ድረስ ባይደርስም አያሳፍርሽም።

ሱምያ "ጋሼ ልክ ናቸው" ብላለች። ማሽኑ አልተሠራም።

አጎትሽ አብዱልቃድር

ሜልቦርን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ

አሰላሙ ዓለይኩም። ምክርዎን ቃል በቃል ፈጸምኩ፤ የሆነውን ልንገርዎ።

አሥራ አንድ ቀን ሄድኩ። ሰላም ብዬ ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን እትዬ ሀጂራ "ታመሽ ነው?" አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን ተምር ሰጡኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፎጣ እያወጡ "እሺ፣ የማን ቤት ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ጋሼ ሊቅ ናቸው አልኩ በሆዴ።

"የኮምቦልቻው አብዱልቃድር የወንድም ልጅ ነኝ።"

ፎጣውን ማሽኑ ላይ አስቀመጡት። "የቀበሌው አብዱልቃድር?"

"አዎ። ያውቋቸዋል?"

"እስካሁን በእርሳስ ነው የሚጽፈው?"

እኔ ሞኟ ሳቅኩ። "አዎ፣ እስክሪብቶ አይወዱም" አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። ሁለተኛውን ማሽን በግማሹ አስቁመው እርጥቡን ልብስ በቅርጫት ይዘው ወጡ፤ ከላውንደሪው እስከ በራቸው ድረስ ኮሪደሩ ላይ ውኃ ተንጠባጠበ። በማግሥቱ ከተራ ወረቀቱ ሥር አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። "በዚህ ፎቅ ላይ ከጠያቂዋ ልጅ ጋር የሚያወራ ሰው ቀኑን ያጣል" ይላል። አንድ ደግ ሰው ከታች በእንግሊዝኛ ተርጉሞታል።

ሱፐርቫይዘሬ የወረቀቱን ፎቶ አይታ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። "ድንቅ መረጃ ነው" አለችኝ። ለእሷ መረጃ ነው። እኔ ግን እስከ ጥቅምት አሥራ አምስት ሰው ካላናገርኩ ዲግሪ የለም፣ ከፎቁ ደግሞ ድመቱ ብቻ ነው የቀረኝ።

ጋሼ፣ እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?

ልጅዎ ሰልሳቢል

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል
ጉዳዩ፦ ልዩ ልዩ

ወዓለይኩም ሰላም። በልግ ዘንቧል። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ነበር፣ ጎድሏል። የመስጊዱ ምንጣፍ ተቀይሯል፤ አዲሱ አረንጓዴ ነው፣ አሮጌው ይሻል ነበር። ጉልበቴን ሐኪም አየኝ፣ "ዕድሜ ነው" አለኝ፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም ነበር። የሱምያ ማሽን ተሠርቶ ተመልሶ ተበላሽቷል። ስኳር ተወዷል። ጎረቤታችን ወንድማገኘሁ በግ ገዝቶ በጉ ጠፍቶበት የራሱ በግ መሆኑን ሳያውቅ መልሶ ገዝቶታል።

እርሳስን በሚመለከት፦ እርሳስ ቆጣቢ መሣሪያ ነው።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ በሚመለከት፦ በአገልግሎት ዘመኔ አሥራ ሰባት ሀጂራዎች አጋጥመውኛል። ለማጣራት እንዲረዳ በተለየ ወረቀት ጥቂት ጥያቄዎች አያይዣለሁ። ሱምያን አታንብቢው ብያታለሁ።

እስከዚያው ጥናትሽን ወደ ባቡር ብትቀይሪው ምን ይመስልሻል? ከታርኔት በባቡር ትመላለሻለሽ፤ ባቡር ውስጥ ሀብታምም ድሀም አለ፣ ሁሉም ተቀምጧል፣ ለመጠየቅ ይመቻል። ባቡር ሰውን አያኮርፍም።

አጎትሽ አብዱልቃድር

ሜልቦርን፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱልቃድር

አሰላሙ ዓለይኩም። የተለየው ወረቀት ደርሶኛል። ሱምያ ከጎኑ "አላነበብኩትም፤ አምስተኛው ጥያቄ ግን ነውር ነው" ብላ ጽፋበታለች።

አዎ፣ ግራኝ ናቸው። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ በጣም ሲናደዱ ጭራሽ አይሰማም። ጠባሳውን አላየሁም፣ ሻሽ ያስራሉ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ሙንታሲር ይባላል፤ ከከተማው ዳር ክሬጊበርን አራት መኝታ ያለው ቤት ገዝቶ "እማ፣ ነይና አብረን እንኑር" እያለ ሦስት ዓመት ለምኗቸው እምቢ ብለዋል። አምስተኛውን እኔም ነውር ነው ብያለሁ፤ አልጠይቃቸውም።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከሞቱማ ነው። ሞቱማ የነቀምት ልጅ ነው፣ አውቶቡስ ይነዳል፣ ማክሰኞ ጠዋት የደረሰው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው "በዚህ ፎቅ ላይ" ነው የሚለው፣ ስለ ሊፍት የሚል የለበትም ብሎ ሊፍት ውስጥ ኢንተርቪው ሰጠኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ወጥተን ወረድን። በስድስተኛው ዙር አንድ ሽማግሌ ገብተው "ምን ጠፍቷችሁ ነው?" አሉን። ስለ እትዬ ሀጂራ ስጠይቀው ሞቱማ አሰብ አድርጎ "እኚህ ሴት ቤት የሚባለውን ነገር ሰው ሲሰጣቸው አያምኑም" አለኝ። በአማርኛ መናገር ሲያደክመው ነው እንዲህ አሳጥሮ የሚናገረው፤ ሆኖም ከሁሉም ኢንተርቪው ውስጥ ያሰመርኩበት ይህን ነው።

ከዚያ ማሽኖቹ ተበላሹ። ዘጠነኛ ፎቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጁ አጠበ፤ ካልሲ በየመስኮቱ ተሰጣ። በእንግሊዝኛ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ሺፍት ላይ ነው። እትዬ ሀጂራ ራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ። "ማመልከቻ ጻፊ፣ ወሬ አልፈልግም" አሉኝ። ጻፍኩ። በአራት ቀን ተሠራ።

ዛሬ ሊፍቱ ድረስ ሸኙኝ። "ማመልከቻ መጻፉን ከእሱ ነው የተማርሽው፤ ያስታውቃል" አሉ። አመሰገንኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል በእግራቸው ያዙትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አጎትሽን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ 214 ቁጥር ቤት ለማን ተሰጠ ብለሽ ጠይቂው" አሉኝ።

ወደ ታርኔት ስመለስ ባቡር ላይ ለቪዛ ያስገባሁትን የልደት ሰርተፊኬቴን ስልኬ ላይ ከፈትኩት። የቤት ቁጥር፦ 214።

ጋሼ፣ የተወለድኩበት ቤት የማን ነበር?

ሰልሳቢል

ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል
ጉዳዩ፦ የ214 ቁጥር ቤትን ይመለከታል

ይህን በሱምያ በኩል መላክ አልቻልኩም። ፎቶ ማንሳትና በቴሌግራም መላክ ራሴ ተምሬያለሁ፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁለተኛው ገጽ ቀድሞ ከደረሰሽ መጀመሪያ አንደኛውን አንብቢ። በሦስተኛው ፎቶ ላይ የሚታየው አውራ ጣቴ ነው።

ሀጂራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ቤት ለማግኘት ተመዝግባ አራት ዓመት ጠብቃለች። በ1987 ሦስት ቤቶች ሲለቀቁ ከተራ ጠባቂዎቹ ሦስተኛዋ እሷ ነበረች። ይሁን እንጂ በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ቤተሰብ ለሌለው ነጠላ አመልካች ቤት መስጠት የሚከለከል በመሆኑ፣ ቤቱ ቀጥሎ ለነበረ ባለትዳር ተሰጥቷል። ያ ባለትዳር አባትሽ ነው፣ አላህ ይማረው። መመሪያው ለሁሉም እኩል ነበር።

ይህን ለትምህርትሽ ብቻ ተጠቀሚበት። ለእሷ መንገሩ አያስፈልግም።

አጎትሽ

ሜልቦርን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አብዱልቃድር፤ ኮምቦልቻ
ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

በቀን 25/10/2017 የተጻፈው ደብዳቤ በሦስት ፎቶና በአንድ አውራ ጣት ደርሶኛል።

በደብዳቤው የተጠቀሰው መመሪያ ቁጥርና የወጣበት ቀን ይገለጽልኝ።

በተጨማሪ እንዲያውቁት ያህል፦ ነገሩን ለሱፐርቫይዘሬ ተናግሬያለሁ፣ ግዴታዬ ነው። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶታል። እትዬ ሀጂራ ሁሉንም ነገር ካወቁ በኋላ በፈቃዳቸው እሺ ብለው ካልፈረሙ በዚያ ፎቅ ላይ ያደረግሁት ሥራ በሙሉ ይሰረዛል ተብሏል። ስለዚህ ለእሳቸው መንገሩ ያስፈልጋል። ባያስፈልግም እነግራቸው ነበር።

ጉልበትዎን አልጠየቅሁም። ተቆጥቼ ነው፤ ቢሆንም እንዴት ነው?

ሰልሳቢል ሪድዋን

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰልሳቢል፣

ለዚህ ደብዳቤ "ጉዳዩ" ብዬ የምጽፈው አጣሁ።

መመሪያው ቁጥር የለውም። ቤቱ የተሰጠው ጥር ላይ ነው፣ መመሪያው የተጻፈው የካቲት ላይ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ሳያነብ ፈረመ፤ ምንም አንብቦ አያውቅም ነበር።

ያኔ አባትሽና እናትሽ እኔ ጋ ነበር የሚኖሩት። አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ የተከፈለ። እናትሽ አንቺን ፀንሳ ነበር። አባትሽ ያንኮራፋል፣ እናትሽ በማንኮራፋቱ ትስቃለች፣ እኔ ደግሞ ጠዋት ሥራ አለብኝ። ይህን የምጽፈው ለመከላከያ አይደለም። መከላከያ መስሎ ከታየሽ ሰርዢው።

አባትሽ ቤት ስጠኝ አላለኝም፤ ይህን እወቂ። ዝርዝሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። የሀጂራን ስም በላጲስ አጠፋሁና የእሱን ጻፍኩ። ለአባትሽ "ተራህ ደረሰ" አልኩት። ተመዝግቤያለሁ እንዴ አለኝ። እኔ አስመዝግቤሃለሁ አልኩት። አመነኝ። እስኪሞት ድረስ እንዳመነኝ ነበር።

በእደላው ዕለት መጣች። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ወደ እኔ አየችና ወጣች። እኔ ማኅተም እየፈለግሁ ነበር፤ ማኅተሙ ግን እጄ ላይ ነበር።

ቤቱን ልመልስ ብል የለም። መንገዱ ሲሰፋ ከፈረሰ ስምንት ዓመቱ ነው። ለእሷ የጻፍኩትን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አንብቢላት። ጉልበቴ ያው ነው።

አብዱልቃድር

ሜልቦርን፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አብዱልቃድር

አሰላሙ ዓለይኩም። አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን እንደዚያኛው ደብዳቤ ያለ ጽፈውልኝ አያውቁም፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ለእትዬ ሀጂራ ነገርኳቸው። ቤታቸው አስገብተው አስቀመጡኝ። "እዚያ ቤት የተወለድኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው፤ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። እሳቸው ግን "ያፈስ ነበር?" አሉኝ።

"ክረምት ሦስት ባልዲ እናስቀምጥ ነበር።"

ትንሽ ቀለል አላቸው መሰለኝ።

አልጋ ነበራቸው፣ ጋሼ። ተራቸው መድረሱን ስላወቁ ከእደላው በፊት አናጢ ዘንድ አሠርተው ነበር። ከአክስታቸው ልጆች ጋር መሬት ላይ ነበር የሚተኙት፤ አልጋውን የሚያስገቡበት ቦታ ሲያጡ እዚያው አናጢው ጋ ተውትና በዚያው ዓመት ጅቡቲ ሄዱ፣ ሰው ቤት ሊሠሩ። ከጅቡቲ ወደዚህ። "አልጋውን ማን እንደተኛበት እያሰብኩ ብዙ ዓመት ተናድጃለሁ" አሉ። "ከቤቱ ይልቅ አልጋው ነው የሚያናድደኝ።"

ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ እስክሪብቶ አምጪ አሉ። የሠረዙትን እንዳለ እልክልዎታለሁ፣ ምክንያቱን ግን ልጻፍ።

"በወቅቱ በነበረው ተጨባጭ ሁኔታ" የሚለው ይውጣ። "ሁኔታ የሚባል ሰው ቀበሌው ውስጥ አልነበረም። አንተ ነበርክ በይው።"

"ስሕተት ተፈጥሯል" የሚለው ይውጣ። "ራሱን ነው የፈጠረው?"

"እውነቱን አላህ ያውቃል" የሚለውም ይውጣ። "አላህማ ያውቃል። ያልተናገረው እሱ ነው።"

"እርስዎ" የሚለው ሁሉ ይውጣ። "ያን ጊዜ አንቺ ነበር የሚለኝ። ካጠፋ በኋላ ነው የሚያከብረኝ?"

አምስተኛውን ጥያቄዎን ደግሞ ሰምተዋል። ሞቱማ ነው የነገራቸው፣ እኔ አይደለሁም። "ከባለቤቴ ሌላ ያገባሁት የለም፤ ለምን ጠየቀ?" ብለዋል። ይህን እርስዎ ይመልሱ።

የኮሚቴውን ወረቀት አልፈረሙም። አልፈርምም ግን አላሉም። "ደብዳቤው ይታረምና እናያለን" አሉ።

ሰልሳቢል

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል

ወዓለይኩም ሰላም። የታረመው ከዚህ በታች ነው። ሁለት ገጽ የነበረው ይውጣ የተባለው ሲወጣ ይህ ብቻ ቀረ። አሥራ አንድ ቀን የፈጀብኝ ለመጻፍ አይደለም፣ ሌላ ነገር ላለመጨመር ነው።

"ሀጂራ፣ ተራው ያንቺ ነበር። ስምሽን አጥፍቼ የወንድሜን ጻፍኩ። አንቺን አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። አብዱልቃድር።"

አምስተኛውን ጥያቄ በሚመለከት፦ የማጣሪያ ጥያቄ ነበር። ሱምያ "ውሸት ነው" ብላኛለች። አዎ፣ ሱምያ ሁሉንም አውቃለች፤ ገጾቹን በቅደም ተከተል መላክ ሲያቅተኝ ወደ እሷ ተመለስኩ። ይህን ፎቶ አንስታ ስትልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ አልተቀበለችኝም።

አብዱልቃድር

ሜልቦርን፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንኳን አደረስዎ።

ያችን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ድገሚው አላሉኝም። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አነበቡት። "ይህ ነው" አሉ።

ከዚያ የኮሚቴውን ወረቀት በግራ እጃቸው ፈረሙ። ኢንተርቪው ሰጡኝ፤ አራት ሰዓት ሙሉ። ስጨርስ እሳቸው አልጨረሱም ነበር። ለምን ክሬጊበርን እንደማይሄዱ ጠየቅኋቸው። "ልጄ ደግ ነው። ግን የሱ ቤት የሱ ነው። ይህ በተራዬ የደረሰኝ ነው፣ ሰባት ዓመት ጠብቄ" አሉ። ሱፐርቫይዘሬ ይህን ስታነብ ድንቅ መረጃ ነው አላለችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ማስጠንቀቂያውም ከበሩ ላይ ተነስቷል። አሁን ሰዉ ሁሉ ማውራት ጀምሮ ማስቆም አልቻልኩም፤ ሃያ ሁለት ሰው ደርሻለሁ። ሞቱማ ግን አሁንም ከሊፍት ውጭ አያወራኝም፣ ለምዶበታል።

እትዬ ሀጂራ የስልክ ቁጥርዎን ጠይቀውኛል፣ ሰጥቻቸዋለሁ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ማስረጃ የለውም እንደሚሉ ነገርኳቸው። "ማስረጃ ማን ጠየቀው?" አሉ። ቅዳሜ ይደውላሉ። እባክዎን ያንሱ።

ልጅዎ ሰልሳቢል

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልሳቢል
ጉዳዩ፦ አስቸኳይ

ደወለች። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ አውርተናል፤ ስልኩ ላይ ይታያል። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ማን እንደነገራት አንቺ ታውቂያለሽ። ፋብሪካው አሁንም ጠዋት ጠዋት ይጮኻል ወይ አለችኝ። ስለ አልጋው ነገረችኝ።

ከዚያ እኔ በቃል ልንገራት ብዬ ተነሳሁ፣ በወረቀት ከጻፍኩት አልጨመርኩም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ይቅር" አለች፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መልሼ ብደውል አልሠራም። ሁለት ቀን ከተማው ሙሉ ኔትወርክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ቢሠራም እኔ መደወል አልቻልኩም፣ እሷም አልደወለችም።

ልጄ፣ "ይቅር ብዬሃለሁ" ልትል ነበር ወይስ "ይቅር አልልህም"? ወንድማገኘሁ "ወሬው ይቅር" ልትልም ትችላለች ይላል። ሱምያ ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጽፋ አስቀምጣልኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ጉዳዬ ምን ደረሰ እያለ ደጄ ሲመላለስ "ነገ ና" እል ነበር። አሁን እኔ ነኝ በየቀኑ ሱምያ ደጅ የምመላለሰው።

እባክሽ ጠይቂልኝ።

አጎትሽ አብዱልቃድር

ሜልቦርን፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሱምያ ደጅ እንዳይመላለሱ ብዬ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልሰው።

ጠየቅኋቸው። ላውንደሪ ውስጥ ነበሩ፣ አንሶላ አብረን እንጠፍ ብለውኝ አንዱን ጫፍ እኔ ይዣለሁ። "ጋሼ የመጨረሻው ቃል አልተሰማኝም ይላሉ፤ ምን ነበር ያሉት?" አልኳቸው።

"ምን ተሰማው?"

"ይቅር የሚለው ብቻ።"

"እንግዲህ የተሰማውን ይውሰድ" አሉ።

ይህን ሲሉ ፊታቸው እንዴት ነበር ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አንሶላው በመካከላችን ተወጥሮ ስለነበር አላየሁትም።

ልጅዎ ሰልሳቢል